የሉባባ ድምፅና የጋሽ ይመር ጉልበት

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ግድግዳው ጋሽ ይመርን በልጃቸው ድምፅ ቀሰቀሳቸው።

«አባዬ፣ ነጋ እኮ። እንዴት አደርክ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና። አንቺስ እንዴት አደርሽ?»

«ደህና። ጉልበትህን ያምሃል?»

«ኧረ ምንም አልልም። ደህና ነኝ።»

ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ በራ። ሕመም፦ ዜሮ። ራስጌያቸው ያለችው የመድኃኒት ሳጥን እንደ ትናንቱ፣ እንደ ትናንት በስቲያው ሁሉ፣ ሳትከፈት ቀረች።

ጋሽ ይመር ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው ግራ ጉልበታቸውን አዩት። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ግራጫው ማሰሪያ ከላይም ከታችም ቆልፎ ይዞታል። ይህ ጉልበት ሠላሳ አንድ ዓመት የመኪና ፍሪሲዮን የረገጠ ጉልበት ነው። ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ፣ ኮምቦልቻን፣ ባቲን፣ ሚሌን አልፎ ሰመራ ድረስ፤ ከዚያ ደግሞ ያንኑ መንገድ ወደ ላይ። መኪኖቹ ራሳቸውን መንዳት ሲጀምሩ ጋሽ ይመር በጡረታ ወጡ። ጉልበቱ ግን ይህን የነገረው ያለ አይመስልም፤ ከዚያም ወዲያ በእንቅልፍ ልባቸው ፍሪሲዮን ይረግጥ ነበር።

ሐኪሞቹ ያረጀውን አውጥተው አዲስ ገጠሙላቸው። በሦስተኛው ቀን ደረጃ የሚወጣው የሆስፒታሉ ወንበር አራተኛ ፎቅ ድረስ አድርሶ፣ በር ላይ አውርዷቸው ተመለሰ። ማሰሪያውና ግድግዳው የቀረውን ይጨርሱታል ተባለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታቸው ውስጥ የገባ ሰው የለም።

አልጠየቋቸውም ማለት ግን አይደለም። ጎረቤቱ በሙሉ ጠይቋቸዋል። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ግድግዳው የጠያቂውን ስም ይጠራል፤ ድምፁንም ያሰማል። «እግዜር ይማርህ ጋሽ ይመር።» «አላህ ያሽርዎ።» «ምሕረቱን ያውርድልዎ።» ሰዉ በስልኩ ላይ አንዱን ይመርጥና ይልካል፤ ግድግዳው በሰውየው ድምፅ ያደርሳል። ጋሽ ይመርም አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ለያንዳንዱ «አሚን፣ አሚን» ይላሉ። በስምንት ደቂቃ ያልቃል። እሳቸው ግን የልጅነታቸውን ዘመን ያስታውሳሉ። አንድ ሰው እግሩን ከታመመ ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ መቀመጫ ጠፍቶ፣ ብርቱካኑ በፌስታል ተከምሮ፣ በሽተኛው ራሱ «ኧረ ልረፍበት» እስኪል ድረስ ነበር።

«በል እንጀምር አባዬ። ዛሬ ሠላሳ ጊዜ ነው።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ተረከዛቸውን ወለሉ ላይ ወደ ኋላ መጎተት ጀመሩ። ሕመሙ ከጉልበቱ ውስጥ ተነሥቶ እስከ ጆሯቸው ሥር ወጣ። ጥርሳቸውን ነከሱ። ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ስልሳ፣ ስልሳ ስምንት፣ ሰባ፣ ሰባ ሁለት እያለ ሄደና ሰባ አራት ላይ ቆመ።

«ጎበዝ አባዬ። ትንሽ ብቻ ጨምር።»

«እሺ የኔ ልጅ።»

አልጨመረም። ሰባ አራት ከሆነ ዛሬ አሥረኛ ቀኑ ነው።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሕንፃው አሳንሰር የሌለው የድሮ ኮንዶሚኒየም ነው። የመኖሪያ ምደባ ቢሮው ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ጉልበቱ የተቀየረለት ሰው በአርባ ሁለተኛው ቀን መቶ ዲግሪ ማጠፍ ካልቻለ፣ ደረጃ አይወጣምና ወደ ምድር ቤት ይዛወራል። የምድር ቤቶቹ ቆላው ላይ፣ ከከተማው ወጣ ብለው በረድፍ የተሠሩ ናቸው። አንድ በር፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ግድግዳ። ከዚህ ሕንፃ እስካሁን ሦስት ሰዎች ሄደዋል። በየበዓሉ ሰላምታ ይልካሉ። ሰላምታቸው ቃሉም ዜማውም ያው ነው፤ ዓመት ከዓመት አይለወጥም።

ይህ ቤት በዕጣ የደረሳቸው ነው። ከወጥ ቤቱ መስኮት የኮምቦልቻ መንገድ ወደ ከተማ የሚገባበት መታጠፊያ ይታያል። ሟች ባለቤታቸው መኪናቸውን ከዚያ መስኮት በመብራቱ ትለየውና፣ እሳቸው ደረጃውን ሳይጨርሱ ራቱን ታቀርብ ነበር። አሁን በመስኮቱ የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ከሰመራ የሚመጣ ሰው ሁሉ በዚያ መታጠፊያ ነው የሚገባው። ሉባባ ያለችው ሰመራ ነው።

ሉባባ ሰመራ የፀሐይ ማሳ ላይ የፈረቃ አለቃ ናት። ማሳው ባሕር የሚያህል መስታወት ነው ይላሉ። እሷ አቧራውን የሚጠርጉትን ማሽኖች ትጠብቃለች። ከደሴ ግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ፈረቃው ግን አይለቃትም። አባቷ ሊታከሙ ነው ሲባል፣ መምጣት ባትችል ሦስት ሰዓት ሙሉ ድምፅ የሚቀዳበት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ዐረፍተ ነገር ስታነብ ዋለች። ግድግዳውን የሚያሠራው የሕክምና አገልግሎት ሰዎች የቤተሰብ ድምፅ ያለው በሽተኛ ቶሎ ይድናል ብለዋታል። «እኔ ባልኖር ድምፄ ይኑርልህ» አለቻቸው በስልክ። አልቅሳ ነበር መሰለኝ አሉ ጋሽ ይመር በሆዳቸው፤ አፍንጫዋን እየሳበች ነበር። ግን አቧራውም አፍንጫዋን ያስስባታል፤ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም።

ከዚያ በፊት በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ጥሪዋ ሁሌ የሚያልቀው በሳይረን ነው፤ የፈረቃው ሳይረን ሲጮህ ቃሏን ሳትጨርስ ይቋረጣል። ድምፁ ቤት ከገባ ወዲህ የደወለችው አንድ ጊዜ ነው። እሱም ቢሆን «በየቀኑ አለሁ እኮ፣ አይደል?» ብላ ሳቀች። በየማታው ከአገልግሎቱ አጭር መልእክት ይደርሳታል፦ አባትዎ ደህና ናቸው። ሕመም፦ ዜሮ።

ግድግዳው ሉባባ አለመሆኑን ጋሽ ይመር ያውቃሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሞተር ጋር የኖሩ ሰው ናቸው፤ ማሽን አያታልላቸውም። የግድግዳዋ ሉባባ አትተነፍስም። አፍንጫዋንም አትስብም። ነገር ግን «አባዬ» ሲባሉ ምላሳቸው አይታዘዝላቸውም። ለልጁ ያመኛል የሚል አባት አልሆኑም። እናቷ ያን ጊዜ በጠና ታማ አልጋ ስትይዝ እንኳ፣ ለሉባባ የነገሯት «ትንሽ ደከም ብሏት ነው» ብለው ነው። ሉባባ የደረሰችው ለቀብር ነው።

በሃያ ሁለተኛው ቀን መልእክት መጣ።

«አባዬ፣ ከመኖሪያ ምደባ ቢሮ መልእክት አለህ። ላንብብልህ?»

«አንብቢልኝ።»

ድምፁ ሳይለወጥ፣ በዚያው በለሰለሰ በሉባባ ድምፅ እንዲህ ሲል አነበበ። «የታካሚው ጉልበት እብጠትና ሙቀት አለው። ታካሚው ሕመም የለኝም ብለዋል። በደንቡ መሠረት ከመሣሪያው ይልቅ የታካሚው ቃል ይቀድማል። ስለዚህ ጉልበቱ ያልታጠፈው በሕመም ሳይሆን በፈቃደኝነት ማነስ ነው። ለመዛወር ዕቃዎን ከወዲሁ እንዲያዘጋጁ እናሳስባለን።» ትንሽ ቆየና «ሌላ የምረዳህ ነገር አለ አባዬ?» አለ።

«የለም» አሉ ጋሽ ይመር። «አላህ ይስጥልኝ።»

የዚያን ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ዱላቸውን ይዘው እስከ ደረጃው አፋፍ ሄዱ። እዚያ ወንበር አላቸው። አንድ ፎቅ ወረድ ብሎ፣ ሦስተኛው ላይ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ የራሳቸው ወንበር አላቸው። እሳቸውም ዓምና ጉልበታቸውን ተቀይረው ፈተናውን ያለፉ ናቸው፤ መውረድ ይችላሉ፣ መውጣት ግን አልወደዱትም። ሁለቱ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ያወራሉ። አይተያዩም። ከላይ ለሚያያቸው፣ የመከታው ብረት ላይ የተጋደመች የእትዬ ማንጠግቦሽ እጅ ብቻ ናት የምትታየው።

«ይመር፣ መጣህ?»

«መጣሁ እትዬ። እንዴት ዋሉ?»

«መዋልስ ውያለሁ። ወገቤን፣ ይሄን ትከሻዬን፣ ደግሞ አንዲት የቀረች ጥርስ አለችኝ፣ እሷን። አንተስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

«ደህና የሆነ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንዲህ አያቃስትም። እዚህ ድረስ ሰማሁህ እኮ።»

«ዕቃ አዘጋጅ ብለውኛል» አሉ ጋሽ ይመር።

የእትዬ ማንጠግቦሽ እጅ ብረቱን ጨበጥ አደረገች።

«ስንት ላይ ነህ?»

«ሰባ አራት።»

«እኔ በዚህ ጊዜ ዘጠናን አልፌ ነበር። ያውም በሰባት ዓመት የምበልጥህ አሮጊት። ማስታገሻውን ትውጣለህ?»

«ሳጥኗ አትከፈትም።»

«ለምን?»

«አያመኝም ስላልኩ ነዋ።»

«ለማን ነው ያልከው?»

«ለሉባባ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ሳቁ። ሳቃቸው ደረጃውን ሞልቶ ወደ ላይ መጣ።

«እኔ ድምፅ ምረጪ ሲሉኝ ማንን እንደመረጥኩ ታውቃለህ? ምራቴን።»

«ምራትዎን? ከእሷ ጋር እኮ ሰላምታም የላችሁ።»

«ለዚሁ ነዋ። ልጄ ነው ያግባባት። ገና ‹እንዴት አደሩ› ስትለኝ የስንት ዓመቱን እዘረግፍላታለሁ። ፈለጠኝ፣ ቆረጠመኝ፣ አንቺን ያየሁ ለታ ነው እግሬ የተበላሸው እላታለሁ። ምን ትመልስ? ‹ተመዝግቧል› ነው የምትል። ሳጥኔ ተከፍታ ነበር የምትውለው።»

ጋሽ ይመርም ሳቁ። ከሳቁ ሰንበት ብለው ስለነበር ደረታቸውን ወጋቸው።

«ስማኝ ይመር» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው። «ልጅህን ከዚያ አውጣት። የማታውቀውን ሰው አስገባ። የማታውቀውን ሰው ምን ታፍረዋለህ?»

«እሷን ካወጣሁ ቤቱ ውስጥ ማን ይቀራል?»

የእትዬ ማንጠግቦሽ እጅ ከብረቱ ላይ ተነሣች። ከታች በር ሲዘጋ ተሰማ።

ጋሽ ይመር በማግስቱ ሌላ መንገድ ሞከሩ። በዚሁ ድምፅ ፊት እውነቱን ለመናገር ቆረጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሉባባ።»

«ወዬ አባዬ።»

«ይህ ጉልበቴ...»

«እህ?»

ይህች «እህ?» አንድ ቃል አትሞላም። ነገር ግን ሉባባ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከመንገድ ሲገቡ በር ላይ ቆማ የምትለው ልክ ይህንኑ ነበር። ምን አመጣህልኝ ለማለት ነው።

«ዛሬ ሻል ብሎኛል» አሉ ጋሽ ይመር።

ሕመም፦ ዜሮ።

በሃያ አራተኛው ቀን ጠዋት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ሉባባ።»

«ወዬ አባዬ።»

«ድምፁን መለወጥ እፈልጋለሁ።»

«ድምፄን ከአገልግሎቱ ማንሣት ትፈልጋለህ። ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው።»

«አንዴ ከተነሣ፣ እንደገና እንዲገባ የድምፁ ባለቤት እንደ አዲስ መቀዳት አለባት። እርግጠኛ ነህ አባዬ?»

በክፍቱ በር አሻግሮ በሚታየው የወጥ ቤት መስኮት በኩል መታጠፊያው ባዶ ነበር።

«አዎ።»

«ምክንያቱን ንገረኝ። አንድ፣ ድምፁ በደንብ አይሰማም። ሁለት፣ ድምፁ አልተስማማኝም። ሦስት፣ ሌላ።»

«ሦስት።»

«ሌላውን ግለጽልኝ።»

ጋሽ ይመር ብዙ ነገር ሊሉ ፈልገው ነበር። ለማን እንደሚሉት ጠፋቸው።

«ልጄ ናት» አሉ።

«ተመዝግቧል። ደህና ሁን አባዬ።»

ይህንንም ከዚያ ክፍል ውስጥ ሆና ያነበበችው ነው። መቼ እንደሚያስፈልግ አልነገሯትም ይሆናል።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ የወንድ ድምፅ መጣ፤ ዜና የሚያነብ የሚመስል፣ የየት አገር ሰው እንደሆነ የማይለይ።

«ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትዎን ያምዎታል? ከዜሮ እስከ ዐሥር ባለው ቁጥር ይግለጹ።»

«አልሐም...» ብለው አቆሙ። «ስምንት» አሉ።

ሳጥኗ ቀጭ ብላ ተከፈተች። የሆስፒታሉ የመጀመሪያ ማዘዣ ካለቀ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ሁለት ነጭ ክኒን።

ጋሽ ይመር ክኒኖቹን በመዳፋቸው ይዘው ቀጠሉ። «ስምንት አልኩህ እንጂ፣ ሳጥፈው ዘጠኝ ነው። በውስጥ በኩል እንደ ምስማር ነው። አንዳንዴ አጥንቱ ያለቅሳል ብልህ ትስቅብኛለህ።»

«ተመዝግቧል።»

«ቤት ውስጥ ሰው ከገባ ሃያ አንድ ቀን አልፎታል።»

«ይህ ከጉልበትዎ ጋር የተያያዘ ነው?»

«አይደለም።»

«አልተመዘገበም።»

ከዚያ ወዲህ ያለው ነገር ለጉልበቱ ጥሩ ነበር። ሰውየው ጠዋት ይጠይቃል፣ ጋሽ ይመር ቁጥሩን ይናገራሉ፣ ሳጥኗ ትከፈታለች። ሰባት። ሰባት። ስድስት። እብጠቱ ጎደለ። ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ሰባ አራትን ጥሎ ሰማንያ ሁለት ገባ፤ ሳምንት ሳይሞላው ዘጠና። ሰውየው «ጎበዝ» አይልም። «እንዴት አደሩ» ብሎም አይጀምርም። ቆጠራውን ሲጨርስ ይዘጋል፤ እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስም ድምፁ አይሰማም። ጋሽ ይመር ሻይ ሲያፈሉ ማንቆርቆሪያው የሚያሰማውን ድምፅ እየሰሙ ቁጭ ይላሉ። አንዳንዴ ከልማድ ወደ ግድግዳው ዞረው «የኔ ልጅ» ይሉና ይተዉታል።

ሉባባም አልደወለችም። እሳቸውም አልደወሉም። ምን ብለው ይጀምሩ? በየቀኑ ነገ ትደውላለች ይላሉ፤ በየቀኑ መታጠፊያውን ያያሉ።

በአርባ ሁለተኛው ቀን ቁጥሩ መቶ ሦስት ላይ ቆመ። ከምደባ ቢሮው የመጣው መልእክት ሁለት ቃል ነበር፦ «ባሉበት ይቀጥሉ።» ዜና አንባቢው ሲያነበው ደስታም ሐዘንም አልነበረበትም። ከዐስር በኋላ ጋሽ ይመር ደረጃው አፋፍ ድረስ ሄደው ለእትዬ ማንጠግቦሽ ነገሯቸው።

«እሰይ» አሉ እሳቸው ከታች። «ካልሆነልህ ምራቴን ላውስህ አስቤ ነበር።» ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ልጅትስ?» አሉ።

«ትደውላለች» አሉ ጋሽ ይመር።

በማግስቱ ቀትር ላይ ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ።»

ከቃሉ በፊት ትንፋሽ ነበረ። አፍንጫዋንም ሳበች። ጋሽ ይመር ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ሉባባ። ደህና ነሽ?»

«ደህና። አንተስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

በስተጀርባዋ ንፋስ ይሰማል።

«ከምደባ ቢሮው መልእክት ደረሰኝ፤ ቤቱን አልወሰዱብህም አሉ።»

«አልወሰዱም።»

«ጥሩ ነው።» ድምፅዋ ቀጠነ። «አባዬ፣ ወረቀት ልከውልኛል። ድምፅዎ ተነሥቷል፣ የማታውም መልእክት ተቋርጧል ይላል። ምክንያት የሚለው ላይ ‹ልጄ ናት› ይላል። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እሱን ሳነብ ከረምኩ። ልጄ ናትና አስወጡልኝ ማለት ምን ማለት ነው? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም።»

«እና?»

«አንቺ ስትጠይቂኝ ያመኛል ማለት አልሆነልኝም። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ዜሮ እያልኩ መድኃኒቱን ዘጉብኝ። ቤቱንም ሊወስዱት ነበር። ከዚያ ለሰውየው ነገርኩት።»

«ለየትኛው ሰውዬ?»

«ለማላውቀው።»

ጋሽ ይመር መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ነበር፤ ትንፋሿ ግን አለ። ይቆራረጣል፣ ይመለሳል።

«እኔኮ» አለች በመጨረሻ፣ «በየማታው ዜሮ ሲሉኝ፣ ዜሮ ከሆነማ ብዬ ነው ያልመጣሁት። እማዬንም ደከም ብሏት ነው አልከኝ።»

ማሰሪያው የጋሽ ይመር ጉልበት ላይ ሞቅ ብሎ ተቀምጧል። ግድግዳው ዝም ብሏል።

«አሁንስ አባዬ? ያምሃል?»

አፋቸው ያንን የለመደውን ለማለት ተከፈተ። ሊሉት ትንሽ ነበር የቀራቸው። ከዚያ በመስኮቱ በኩል መታጠፊያውን አዩና ዓይናቸውን መለሱ።

«ያመኛል» አሉ።

«የቱ ጋ?»

ይህን የጠየቃቸው አልነበረም። ማሰሪያው ስለሚያውቀው ግድግዳው ጠይቋቸው አያውቅም፤ በሉባባም ድምፅ በሰውየውም ድምፅ።

«በውስጥ በኩል» አሉ ጋሽ ይመር፣ በቀስታ፣ ጣታቸውን እዚያው ላይ አድርገው፣ የምታየው ይመስል። «ፍሪሲዮን ስረግጥ የሚዞረው ጋ። ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል፣ እስከ ባቱ ድረስ። ጠዋት ጠዋት ይብሳል። ስቀመጥ...»

በስልኩ ውስጥ የፈረቃው ሳይረን ጮኸ። ጋሽ ይመር እንደ ሁልጊዜው ቃላቸውን አቋርጠው መስመሩ እስኪዘጋ ጠበቁ።

ሳይረኑ ጮኾ ጮኾ አበቃ። ከዚያ ወዲያም ትንፋሿ ነበረ።

«ስትቀመጥስ?» አለች ሉባባ።